ከማዶ የሚሰማ ሳል

ባለፈው የገበያ ቀን ኛቦል ከማታር መጥታ ሞቱን አረዳችኝ። ኒውላንድ ሰፈር ዘመዶቿ ዘንድ አድራ፣ ጠዋት በባጃጅ እስከ ደጃፌ ደረሰች። አርጅታለች፤ ያ ቀጥ ያለ ቁመቷ ግን አልጎበጠም። ወንበር አወጣሁላት፤ ውኃ ሰጠኋት፤ ጠጥታ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችና በኑዌርኛ፣ "ያ ከማዶ የነበረው ሰው አረፈ" አለችኝ።

ስሙን አልጠራችም። እኔም ማን ብዬ አልጠየቅሁም። በዕድሜዬ ሙሉ ከማዶ የነበረ ሰው የማውቀው አንድ ነው፤ ጋትሉዋክ።

"ምን ያዘው?" አልኳት።

"ሳል ነዋ" አለች። "ሌላ ምን ይደፍረዋል?"

ልንስቅ ዳድቶን ተውነው። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር ጠየቀችኝ።

"የርያል ደረት ውስጥ ምን ነበር?"

ርያል የጋትሉዋክ በሬ ነው። ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ደረቱን ከፍቼ ያየሁት እኔ ነኝ። ያየሁትን እንዳልነግረው ጋትሉዋክ ራሱ ስላስማለኝ ለሌላም ሰው ተንፍሼ አላውቅም። እኔን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሲሰማ ይደነቃል። አውቄ ዝም ያልኩት በሕይወቴ የዚህን በሬ ነገር ብቻ ነው።

ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ከጋምቤላ ከተማ ዝቅ ብሎ ባሮ ዳር የነበረውን የውኃ ፓምፕ የማንቀሳቅሰው እኔ ነበርኩ። ንብረቱ የመንግሥት ነው፤ ሞተሩ ግን ከእኔ በቀር የማንንም እጅ አይሰማም ነበር። ከጎሬ ስወርድ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ሱቅ ውስጥ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ሞተር የተማርኩት ፈትቼ እየገጠምኩ፣ ኑዌርኛና አኙዋክኛ የተማርኩት ደግሞ ገበያ ውስጥ ሰው ሲጣላ ቆሜ እያዳመጥኩ ነው። ሰው ሲጣላ ቃሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ዛሬ ወረቀት ይዘው የሚመጡት ልጆች ሞተር ሲያስቸግራቸው ስልክ ያወጣሉ፤ እኔ ጆሮዬን ብረቱ ላይ አስጠግቼ የትኛው ብሎን እንደላላ እናገር ነበር። ጆሮዬን ያነሳሁት ለጉራ ብቻ አይደለም። ከጋትሉዋክ ጋር ያወዳጀን ጆሮ ነው።

በዚያ ክረምት መግቢያ የከብት ሳንባ በሽታ ከማታር በኩል ወደ እኛ ወጣ። ያየ ያውቀዋል። ከብቱ አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ፣ የፊት እግሮቹን ከፍቶ ይቆማል፤ ሲተነፍስ ያቃስታል፤ ሳሉ አጭርና ከሥር የሚወጣ ነው። በትንፋሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። አውራጃው የከብት ሐኪም ላከ፤ ወርቁ የሚባል፣ መነጽር ያደረገ፣ ከደጋ አዲስ የመጣ ወጣት። "የሚያስለው መንጋ ሁሉ ወንዙን ተሻግሮ ለብቻው ይቆይ፤ ክረምቱ ሲወጣ እናያለን" ብሎ አዘዘ። ትክክለኛ ትእዛዝ ነበር። ባሮ በክረምት ከማንኛውም አጥር ይበልጣል፤ ከማዶ ደግሞ ረግረግና ሣር እንጂ መንደር አልነበረም።

የጋትሉዋክና የወንድሞቹ መንጋ ተሻገረ። ወንድሞቹ ሚስትና ልጆች ነበሯቸው። እሱ ገና ሊያገባ ነው፤ የኛቦል ጥሎሽ የሚወጣው ከዚያው መንጋ ነበር። "እኔ እቆያለሁ" አለና ጦሩንና የማሽላ ዱቄቱን በታንኳ አስጭኖ፣ እሱ ራሱ ከከብቶቹ መሃል እየዋኘ ሄደ። ከፓምፔ ፊት ለፊት፣ ከፍ ካለው ዳርቻ ላይ የሣር ዳስ ሠራ።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን ሳላስነሳ ገና፣ "ማሌ!" የሚል ሰላምታ በውኃው ላይ መጣ። "ማሌ!" ብዬ መለስኩ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ወንዙን መሃላችን አድርገን እየጮህን የምናወራ ወዳጆች ሆንን። የምናወራው በኑዌርኛ ነው። አማርኛም ይሞክር ነበር፤ በአማርኛው ግን ሰውን ሁሉ፣ ሊቀመንበሩንም ባልቴቷንም፣ "አንተ" ነበር የሚለው። እኔን "አንተ አባ ሞተር" ይለኛል።

የሚያስገርም ተሰጥኦ ነበረው፤ የማንንም ሳል መልሶ ማሰማት ይችላል። ከብቶቹ ሲያስላቸው ይመልስላቸው ነበር፤ ዓይንህን ብትጨፍን የትኛው ከብት፣ የትኛው ሰው እንደሆነ አትለይም። ሰውንም እንዲሁ። የአሳ አጥማጁን፣ ትምባሆ የሚወደውን ዘበኛ፣ የማንን አልሰማንም! "ሰው በአፉ ይዋሻል፤ በሳሉ ግን መዋሸት አይችልም" ይል ነበር። የእኔንም ሳል አልማረም። እኔ ከመናገሬ በፊት ሰው ጆሮውን እንዲሰጠኝ አንዴ ጉሮሮዬን የመጥረግ ልማድ አለኝ። እሱ ይህችን ደረት ነፋ አድርጎ ያሰማታል፤ ጨዋታችንን ስንጨርስ የስንብት ምልክታችን እሷ ሆነች። እሷን ካሰማኝ በኋላ ሌላ ቃል አይጨምርም።

ሐኪሙ መንጋውን ሊመረምር የመጣ ዕለት ጀልባው ቤንዚን አልነበረውም። ታንኳ ላይ እንዲወጣ ብንለምነው ደለሉ ላይ የተጋደሙትን አዞዎች አየና፣ "እኔ የከብት ሐኪም እንጂ የአዞ ምሳ አይደለሁም" አለ። ዘዴውን ያመጣሁት ታዲያ እኔ ነኝ።

"ዶክተር፣ ሰውየው የእያንዳንዱን ሳል ያሰማዎት" አልኩት። "እኔ አስተረጉማለሁ።"

ሳቀብኝ። ሞተሩን አጠፋሁ። ባሮ ዝም ሲል ድምፅ እንደ ታንኳ ተንሳፍፎ ይመጣል።

"የግራጫዋን ጊደር!" ብዬ ጮህኩ።

ጋትሉዋክ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አስደግፎ፣ አንገቱን አስግጎ አሰማን። ደረቅ፣ ቀላል፣ ከጉሮሮ ብቻ የሚወጣ።

"ይህ ጉንፋን ነው" አለ ሐኪሙ እየሳቀ። "ከብትም እንደ ሰው የራሱ ጉንፋን አለው። ትለፍ።"

"የቀይዋን ላም!"

አጭር ነበር። ከሆድ ተነስቶ፣ ደረት ላይ ተሰብሮ፣ በማቃሰት አለቀ። ሐኪሙ ሳቁን አቆመና መነጽሩን አወለቀ።

"ድገመው በለው።"

ደገመው።

"ይህች ትታረድ" አለ።

ተረጎምኩ። "የታላቅ ወንድሜ ላም ናት በለው" አለ ጋትሉዋክ።

"ዶክተር፣ የወንድሙ ናት ይላል። ብትድንስ?"

"ሳሉ ይቆም ይሆናል፤ ትሰባም ይሆናል። ግን በሽታው ሳንባዋ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። አንድ ቀን ከጤነኛ መንጋ መሃል ሆና ይከፈታል።"

ይህን እንዴት ብዬ ልተርጉመው? ሌላ አስተርጓሚ ቢሆን ቃሉን አፍርሶ ይጥለው ነበር። እኔ ግን ኑዌር በረቱ ውስጥ ትንኝ ለማባረር ኩበት እንደሚያጨስ አውቃለሁ። "የኩበት እሳት አስብ" ብዬ ጮህኩለት። "አመድ ለብሶ ጠፋ ትለዋለህ። ሆዱ ውስጥ ግን ቀይ ነው። ነፋስ ሲያገኝ በረቱን ይበላል።" እንዲህ ያለ ትርጉም በጋምቤላ ምድር ከዚያ በፊት አልተሰማም፤ ከዚያም ወዲህ አልተሰማም። ጋትሉዋክ ራሱን ሲነቀንቅ ከዚህ ሆኜ አየሁት። ቃሉ ገብቶት ነበር።

ከወንድሞቹ ከብቶች ሌላም አንድ ተፈረደባት። ደብቆ አላለፋቸውም፤ ሳላቸውን እንዳለ አሰማ።

በመጨረሻ ርያል ቀረ። በኑዌር ልማድ ወጣት ግንባሩ ተበጥቶ ወንድ ሲሆን አባቱ በሬ ይሰጠዋል። ይዘፍንለታል፤ ቀንዱን ያሰማምርለታል፤ እኩዮቹም ከዚያ በኋላ በበሬው መልክ ይጠሩታል። ርያል ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው፤ ጋትሉዋክንም እኩዮቹ "ርያል" ነበር የሚሉት። ሐኪሙ የሚፈርደው በሰውየው ስም ላይ ነው።

"የዝንጉርጉሩን በሬ!" አልኩ።

ጎንበስ አለ። ቆየ። ከዚያ ያሰማን ደረቅ፣ ቀላል፣ ከጉሮሮ ብቻ የሚወጣ ሳል ነበር።

"ጉንፋን ነው፤ ይለፍ" አለ ሐኪሙ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ንጋት ላይ ጭጋጉ ውኃው ላይ ተኝቶ ሳለ ከማዶ አንድ ሳል ሰማሁ። አጭር። ከሆድ ተነስቶ ደረት ላይ የሚሰበር። መጨረሻው ማቃሰት። ጭጋጉ ሲገለጥ ርያል አንገቱን አስግጎ ብቻውን ቆሟል፤ ጋትሉዋክ ትከሻው ላይ እጁን ጭኖበታል።

"ለሐኪሙ ያሰማኸው ይህን አልነበረም" አልኩት።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን እንዲደርሰኝ አድርጎ፣ "አንተ አባ ሞተር" አለ፤ "ጆሮህ መጥፎ ነው።"

"ጆሮዬ ጥሩ ነው።"

"ለዚህ እኮ ነው መጥፎ የሆነው።"

ለማንም አልተናገርኩም። በሬው የእኔ አይደለም፤ ስሙም የእኔ አይደለም።

ያን ክረምት ሙሉ ያ ሰው ብቸኝነቱን በሳል ነበር የሚያባርረው። አንድ ቀን ካድሬያችን ለመሠረተ ትምህርት ሊቀሰቅስ መጣ። "ከማዶ ያለውም ጓድ ከብርሃን ወደኋላ አይቀርም!" ብሎ ወደ ውኃው ዞረና፣ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ በክብር ጠረገ። ከማዶ ያው ጉሮሮ፣ ያው ክብር፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ውኃ ሊቀዱ የመጡት ሴቶች ማሰሯቸውን ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ማነው የሚያሾፈው?" አለ ካድሬው።

"ጓድ፣ በሬ ነው" አልኩት። "ሳንባውን የታመመ በሬ።"

መሀረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ንግግሩን ሳይጨርስ ሄደ። ጋትሉዋክ በዚያ ዕለት የእኔን ሳል ሦስት ጊዜ አሰማኝ። ምስጋና መሆኑ ነው።

ዳሩ ግን ያው ተሰጥኦው ሰው አሳጣው። ክረምቱ አጋማሽ ላይ የከተማው ሕፃናት ሳል ያዛቸው። ድምፃቸው ይዘጋል፣ ሳላቸው እንደ ውሻ ጩኸት ይሆናል፣ ትንፋሽ ሲስቡ ጉሮሯቸው ያፏጫል። እናቶቻቸው ውኃ ሲወርዱ አዝለዋቸው ይመጣሉ። አንዷ ሕፃን፣ የሻይ ቤቷ የአስካለ ልጅ፣ እናቷ ጀርባ ላይ እንዳለች አሳላት። ጋትሉዋክ ሕፃን ይወዳል፤ ሊያስቃት ብሎ ያንኑ የውሻ ጩኸት የመሰለ ሳል መለሰላት። ልጅቱ ሳቀች። እንደገና አሳላት፤ እንደገና መለሰላት።

አስካለ ግን ቀዘቀዘች። "ይሄ ሰውዬ የልጄን ሳል ከየት አመጣው?" አለች። "ከከብቶቹ ነው! ከዚያ ማዶ ነው በሽታውን የሚልክብን!"

"ተይ እንጂ አስካለ" አልኳት። "የከብቱ ሳንባ በሽታ ሰው አይነካም። የልጅሽ ሳል እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነው፤ ከተቀመጠችበት ከሻይ ቤትሽ ነው ያገኘችው። ክሊኒክ ውሰጃት።"

"አንተ ደግሞ ብሎን ፍታ!" አለችኝ። "ሐኪም ነኝ ልትል ነው ዛሬ?"

ከሐኪሙ ጠይቄ ያረጋገጥኩትን ነው የነገርኳት፤ ጆሮ የሰጠኝ ግን የለም። ልጅቱን ክሊኒክ ወሰደቻት፤ ዳነችም። ሴቶቹ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ የሚቀዱት ከላይ፣ ከእኛ ርቀው ሆነ። በሚቀጥለው ጠዋት ጋትሉዋክ ባዶውን ዳርቻ ረጅም ሰዓት ሲያይ ቆየ።

"የት ሄዱ?" አለኝ።

"ውኃው ድፍርስ ነው ብለው ነው" አልኩት።

"አንተም በአፍህ ትዋሻለህ" አለ።

ክረምቱ ወጣ። ከብቶቹ ሳላቸውን አቆሙ። ሐኪሙ፣ በዚህ ጊዜ ቤንዚን አግኝቶ፣ በጀልባ ተሻግሮ አያቸው። ርያልም አያስለውም ነበር፤ ቆዳው ያብለጨልጫል፣ ሻኛው ቆሟል። "ሁሉም ይሻገሩ" ተባለ። ወንድሞቹ እየዘፈኑ መንጋውን አሻገሩ። ጋትሉዋክና ርያል ብቻ ከማዶ ቀሩ።

ሰው ሁሉ ግራ ገባው። እኔ ግን ገባኝ። ያ የኩበት እሳት በሐኪሙ ቃል ሳይሆን በእኔ ቃል ልቡ ውስጥ ተቀምጧል። በሬውን ቢያሻግር በኛቦል አባት በረት ውስጥ እሳቱን በእጁ ይተክላል። እውነቱን ቢናገር ሐኪሙ የሰማውን ሳል ሁሉ ይጠራጠራል፤ የወንድሞቹ መንጋ ሁሉ ይመለሳል ወይም ይታረዳል። ትቶት ቢመጣ ወንድሞቹ በማግስቱ ሄደው በሬውን ያመጡለታል፤ የሰው ስም ከማዶ ተጥሎ አይቀርም።

"ራስህ ብታርደውስ?" አልኩት አንድ ጠዋት።

"አንተ ሞተሩን ብታቃጥለው፣ ነገ ማን ብለው ይጠሩሃል?" አለኝ።

ኛቦል መጣች። ሁለት ዘመዶቿና የእሱ ወንድሞች አብረዋት ነበሩ። ወደ እኔ ዞረችና "ሞተርህን አጥፋ" አለችኝ፤ ልመና አልነበረም፤ አጠፋሁ።

"ወንድሞችህ መጥተዋል!" ብላ ጮኸች። "ከብቶቹ መጥተዋል! አንተስ?"

"ርያል መሻገር አይፈልግም" አለ።

"በሬ መሻገር አልፈለገም ተብሎ ሙሽራ የቀረበት አገር የት ነው?" ዘመዶቿ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። "አባቴ የሚለውን ታውቃለህ። በራሱ ሠርግ ላይ ያልተገኘ ሰው ሚስት የለውም ይላል።"

ጋትሉዋክ እጁን የርያል ትከሻ ላይ ጫነ። ወንድሞቹ ከኋላዋ ቆመው ነበርና እውነቱን መጮህ አይችልም።

"እንግዲያው እሱን አግባው!" አለችና ጀርባዋን ሰጠችው። በአጠገቤ ስታልፍ ፊቷን አየሁት። ስድቡ ለእሱ ነበር፤ ፊቷ ግን የተሰደበችው እሷ ትመስል ነበር።

በጋ ገባ። ውኃው ሲቀንስና ከብት የሚሻገርበት መልካ ሲወጣ ጋትሉዋክ በራሱ በኩል የእሾህ አጥር አጠረበት። ግጦሽ ፍለጋ የመጡ መንጎችን ጦሩን ነቅንቆ፣ ባለቤቶቹን እስከ ሰባት ትውልድ ሰድቦ ይመልሳቸዋል። አብዷል ተባለ። እኔ በየጊዜው በታንኳ ጨውና ትምባሆ አደርስለት ነበር፤ ርያልን እያከከ ዜና ይጠይቀኛል። ስለ ኛቦል ግን አይጠይቅም።

በሁለተኛው ክረምት፣ ባሮ ሞልቶ ጀልባ እስከ ታች መሄድ ሲጀምር፣ ኛቦልን ማታር ላለ ሰው ዳሯት። የወሰዳት የነጋዴ ጀልባ ነው። በእኔና በእሱ መካከል፣ እኩል ለእኩል፣ ወንዙን ሰንጥቆ አለፈ። እሷ ከጀልባው ጫፍ ተቀምጣ ወደ ፊት ታያለች። ጋትሉዋክ ዳርቻው ላይ ቆሞ ነበር። ርያል ከኋላው ሣር ይግጣል፤ ሰብቷል፤ ሳል ካቆመ ዓመቱ።

ስም ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠራም። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አስደገፈ፤ አንገቱን አሰገገ፤ አሰማ። አጭር። ከሆድ ተነስቶ ደረት ላይ የተሰበረ። መጨረሻው ማቃሰት። ለሐኪሙ የደበቀውን ያንን የርያልን ሳል፣ አንድ ነገር ሳያጎድል።

ባለጀልባው ሳቀ። ኛቦል ግን የከብት ሰው ልጅ ናት፤ ያ ሳል ምን እንደሆነ አፍ ሳትፈታ ጀምሮ ታውቀዋለች። ድንገት ዞረች። መጀመሪያ እሱን አየች፣ ቀጥላ የሰባውን በሬ አየች፣ ከዚያ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። ጀልባው እስኪታጠፍ መዳፏን አላነሳችም።

ያን ቀን የእኔን ሳል አላሰማኝም። ዳሱ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ክረምት በክረምት ላይ ተደረበ። ሐኪም ወርቁ ተዛወረ። ካድሬውም ሄደ፤ ሌላ መጣ። ጋትሉዋክ ከማዶ ነው። ስንጮህ የኖርነውን ሁሉ ብጽፈው መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የምናወራው ስለ ውኃው ከፍታ ነበር። ብቸኛ ሰው ጨዋታ ያበዛል ይባላል። እሱ እያደር ቀነሰ። አንዳንድ ጠዋት "ማሌ" ብቻ ይላል፤ ያንኑ ይዤ እውላለሁ። ርያል አርጅቶ ጥርሱ አለቀ። አንድም ቀን ዳግመኛ አላሳለውም።

አንድ ጠዋት "ማሌ" አልመጣም። ሞተሩን ትቼ ታንኳ ያዝኩ። ርያል ዳሱ ደጃፍ ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ ጋትሉዋክ ዝንቦቹን በቅጠል ይከላከልለታል። በእርጅና ነው የሞተው፤ ማንም የሚያየው ነው።

"ቢላዋ ይዘሃል?" አለኝ።

ይዤ ነበር። እኔ ያለ ቢላዋ ከቤት አልወጣም።

"ክፈተውና ሳንባውን እይ። አንድ ሰው ይወቀው። እኔ ግን ማወቅ አልፈልግም። እንደማትነግረኝ ማልልኝ።"

"አንተ ሰውዬ! ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ የተቀመጥከው ለዚህ አይደለም እንዴ? ልክ መሆንህን ማወቅ አትፈልግም?"

ቅጠሉን እያወዛወዘ ቀስ ብሎ ተናገረ። "እሳቱ ውስጡ ካለ፣ ሐኪሙ በሬዬን ቢገድለው ትክክል ነበር፤ የወንድሜን ላም አሳርጄ የራሴን የደበቅሁ ውሸታም ነኝ። እሳቱ ከሌለ ደግሞ ኛቦልን በከንቱ ነው የሰደድኳት። የትኛውን ይዤ ልተኛ? ሁለቱንም ሳላውቅ ተወኝ።" ከዚያ ፈገግ አለ፤ ለዓመታት ያላየሁት ፈገግታ ነው። "አንተ ሁሉን ማወቅ ትወዳለህ። ይችንም ጨምርበት።"

ማልኩለት። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ውኃው ተቀመጠ። ከፈትኩ፤ አየሁ፤ መልሼ ዘጋሁ። እጄን ልታጠብ ከአጠገቡ ስደርስ፣ ሳያየኝ "ጉሮሮህን እንዳትጠርግ" አለኝ። "ከሳልክ አውቃለሁ።"

ያን ቀን እስክንቀብረው ድረስ፣ ጉድጓዱን ስንቆፍር አፈሩ አፍንጫዬ ውስጥ እየገባ፣ ደረቴ እየተቃጠለ፣ ሳሌን ዋጥኩ። ሥጋውን ማንም አልቀመሰውም። ሲመሽ በእኔ ታንኳ ተሻገረ። የፓምፑ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያን የለቀቀውን ማዶ አየና፣ "ለካ ከዚህ ሲያዩት እንዲህ ባዶ ነው" አለ። በቀጣዩ ጀልባ ማታር ወደ ሰፈሩት ወንድሞቹ ወረደ። ሚስት አላገባም። ከዚያ በኋላ ደርግም ወደቀ፣ ፓምፑም ወደቀ፤ እሱን ዳግመኛ በዓይኔ አላየሁትም።

ኛቦል አሁን ይህን ሁሉ ሳወራላት ታውቀው ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ከጋትሉዋክ ጋር ጎረቤት ሆነው ኖረዋል፤ የልጅ ልጆቿን ሳል ያለማምዳቸው ነበር አለችኝ። ስለ በሬው አንድ ቀን ጠይቃው፣ "እኔ አላውቅም፤ አባ ሞተር ያውቃል። እኔ ስሞት ሄደሽ ጠይቂው" አላት።

"እንግዲህ ሞቷል" አለች። "ንገረኝ።"

"ነበረ" አልኳት። "ከግራ ሳንባው ሥር። ሎሚ ያህላል፤ ቅርፊቱ እንደ ደረቀ ቅል ጠንካራ ነው። ስሰነጥቀው ውስጡ የሞተ ሥጋ ተዘግቶ ነበር።"

ዱላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር፤ አንዱን እጇን አነሳችና መዳፏን አፏ ላይ አደረገች፤ ልክ እንደዚያን ቀን። ከዚያ "ወደ ወንዙ ውሰደኝ" አለች።

በባጃጅ ወረድን። የፓምፑ ቤት ግድግዳ ብቻ ቀርቷል። ከማዶ፣ ዳሱ የነበረበት ዳርቻ፣ ሣር ለብሷል። ጠዋቱ ጸጥ ያለ ነበር፤ ድምፅ እንደ ድሮው ይሻገራል። እጄን አፌ ላይ አድርጌ በኑዌርኛ፣ "ነበረ! እሳቱ ነበረ!" ብዬ ጮህኩ። የባጃጁ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ አየኝ።

ምንም አልተመለሰም።

"እስቲ ያንን ሳልህን አሰማው" አለች ኛቦል።

ደረቴን ነፋሁ። ጉሮሮዬን አንዴ ጠረግሁ፤ በሕይወቴ ሙሉ ሰው ጆሮ እንዲሰጠኝ የማሰማት ያችኑ ሳል። በውኃው ላይ ትንሽ ሄዳ ጠፋች።

ኛቦል ራሷን ነቀነቀች። "እሱ ከአንተ የተሻለ ያሰማት ነበር" አለች።

ሌላ ሰው ይበልጥሃል ካለኝ ጋር ሳልከራከር የቀረሁበት ቀን የለም። ከእሷ ጋር አልተከራከርኩም።